«አልነገርከኝም»

ደምሴ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ሐረር የገባ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሚስቱ በሞት ከተለየችው ወዲህ የስምንት ዓመት ልጁን ብሌንን የሚያሳድጋት ብቻውን ነው። የቤት ሥራዋን አጠገቧ ተቀምጦ ያሠራታል። «እዚህ ጋ ሰባት ጻፊ። አሁን ደምሪ። ኧረ ከታች!» እያለ አንድም መስመር ለብቻዋ አይተውላትም። ለምን ብላ ከጠየቀችው «ዝም ብለሽ የምልሽን አድርጊ» ይላታል። ብሌንም ከክፍሏ አንደኛ ናት።

አስተማሪዋ ሩቂያ «አቶ ደምሴ፣ እስቲ ትንሽ ብቻዋን ትሞክር» ብትለው «አንደኛ የወጣችው እኮ ስለማስጠናት ነው» ብሎ ስቆ አለፈ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ስብሰባ ስለነበረበት ከትምህርት ቤት ሊያመጣት አልቻለም። ጠዋት ሲለያዩ «በለመድነው መንገድ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ሐሊማ ቤት ትጠብቂኛለሽ» ብሏታል። ሐሊማ ጎረቤታቸው ናት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ደምሴ አመሻሽ ላይ ሐሊማ ቤት ሲደርስ ሐሊማ «ብሌን? እኔ ጋ አልመጣችም!» አለችው። ዝናቡን ሽሽት ገበያ የገባች መስሎት በጊደር መጋላ በኩል ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። ሸራቸውን የሚጠቀልሉትን ነጋዴዎች ቢጠይቅ ያያት የለም። ሩቂያ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ቤቷ ወጥታ «ያ ረቢ! ከወጣች እኮ ቆየች!» አለች።

ሁለቱ የየቀኑን መንገድ ይዘው ሲወርዱ አገኟት። ጠባቡ መንገድ ጠዋት ካለፉበት በኋላ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ተቆርጧል። ብሌን ቦርሳዋን እንዳዘለች ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ በሁለት ግንቦች መካከል ቆማለች። ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከጀርባዋ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ የሚያልፉበት፣ ሐሊማ በር ድረስ የሚያደርስ ሌላ መተላለፊያ አለ።

«ብሌንዬ! በዚያኛው ለምን አልሄድሽም?»

«አልነገርከኝም።»

«መንገዱን አታውቂውም እንዴ?»

«አውቀዋለሁ። ግን አንተ በዚህ ሂጂ ነው ያልከኝ።»

ልጅቷ አልጠፋችም፤ ያገታትም የለም። ቤቷን እያወቀች፣ በዝናብ እየበሰበሰች፣ ትእዛዝ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ሩቂያ በሻርፏ የብሌንን ፊት ጠረገችላት። «ነግሬህ ነበር» ብትለው ይቀለው ነበር።

ብሌን ትኩሳት ይዟት ሰነበተች። ስትድን የቤት ሥራዋን ዘርግታ እንደ ወትሮው «ምን ልጻፍ?» አለችው።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

እንደማታውቀው ሰው አየችው። ከዚያ አለቀሰች። ደምሴ እርሳሱን ሊቀማት እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበውና ወደ ግቢ ወጣ። ሲመለስ የሆነ ነገር ጽፋለች፤ ስህተት ነው። ምላሱን ነክሶ ተወው። በማግስቱ ሩቂያ ኤክስ አላደረገችባትም፤ «እንዴት አሰብሽው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

በግንቦቱ ፈተና ብሌን አንደኛ መውጣቷ ቀረ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ «ምን ነካት?» ሲሉት ወሬ ለወጠ።

በክረምቱ ዋዜማ አንድ ጥያቄ አመጣች፦ ሃያ አራት ልጆች አሉ፤ አንድ አግዳሚ ወንበር አምስት ልጅ ይይዛል፤ ስንት ወንበር ያስፈልጋል? ደምሴ ጋዜጣውን ሳያስቀምጥ አመለጠውና «አራት፣ ቀሪ አራት» አለ።

ብሌን አልጻፈችም። «ልክ አይመስለኝም» አለች።

ደሙ ፈላ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። «ማካፈል እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ማካፈሉ ልክ ነው አባዬ። ግን ቀሪዎቹ ልጆች የት ይቀመጣሉ?»

ደምሴ ጋዜጣውን አስቀምጦ ጥያቄውን እንደገና አነበበ። ብሌን አምስት ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።