የማይደርቀው ትከሻ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን አስሬ ቀና ስል፣ ሥዕሉ ላይ ባለው ሰማያዊ ኮት ትከሻ ላይ የአራት ጣት ምልክት አየሁ። እርጥቡ ቀለም ውስጥ ጠለቅ ብለው የወጡ ጣቶች።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ደግሞ ታናሽ ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ሥዕሉ ወዳለበት ክፍል ዝር አትልም፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

ሥዕሉን የጀመረው እሱ ነው። ቀጮ ነበር የምንለው። ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ፣ ሕልም የመሰለ አንድ የሱሪያሊስት ሥዕል እየገለበጠ የዘይት ቀለም ይማር ነበር። ባሕር ሳሎን ውስጥ ገብቷል። ወንበር ላይ ሰው የሌለበት ኮት ተቀምጧል፤ ከኮሌታው በላይ በጭንቅላት ፈንታ የተከፈተ መስኮት አለ። ቀጮ ባሕሩንና መስኮቱን ጨርሶ ኮቱ ላይ ሲደርስ ሞተ። ሕመሙ ሳምንት እንኳ አልፈጀም።

እኔ የቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። እናቴ እንቅልፍ ካጣች ከርማለች። ሥዕሉን ጨርሼ ሳሎን ብሰቅለው ያርፍላታል ብዬ የቀጮን አስተማሪ ደጅ ጠናሁ።

በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን አይቶ፣ "ይሄ ኮት ነው ወይስ የብረት በር?" አለኝ።

"ኮት ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው እጀታ ግጠምለትና ጨርሰው። ሁለተኛ ስትመጣ የግድግዳ እጅህን እቤት ትተኸው ና!"

እየተሳቀብኝ ተማርኩ። ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነው። የግድግዳ ቀለም ምሳዬን በልቼ እስክመለስ ይደርቅልኛል። የዘይት ቀለም ግን ሲፈልግ ነው የሚደርቀው። "ሥዕል አለቀ የሚባለው ሲደርቅ ነው" ይላል አስተማሪው፤ እኔም ቃሉን እንዳለ ለእናቴ ነገርኳት።

ትከሻው ግን ጭራሽ አልደርቅ አለ። ማታ ምልክቱን በብሩሽ አስተካክለዋለሁ፤ በማግስቱ ጣቶቹ እዚያው ናቸው። ክፍሉም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ጀመር። ቀጮ ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅበት የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ያደርግበት ነበር። እኔ ያንን ጠርሙስ ነክቼው አላውቅም። ለዚያ ኮት ጀርባዬን መስጠት ፈራሁ።

"ጋሼ፣ የሞተ ሰው ይመለሳል እንዴ?"

"ቢመለስማ የወሰደብኝን ብሩሽ ያመጣልኝ ነበር" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የረሳሁትን የቀለም መቀቢያ ሮለር ልወስድ ተመለስኩ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። እናቴ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ብሩሽ የቅርንፉድ ዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ ነክራ ትከሻውን አራሰችው። ከዚያ፣ ድሮ ቀጮ አቀርቅሮ ሲሠራ በኋላው እያለፈች እንደምታደርገው፣ በጣቶቿ ቸብ ቸብ አደረገችው።

"ብላ እንጂ የኔ ልጅ፤ ቀዘቀዘ እኮ" አለችው።

ሥዕሉ ሥር፣ ቀጮ ይሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳን የተደፋበት ሳህን ነበር።

"እማዬ!"

አልደነገጠችም። ጣቶቿን በሽርጧ ጠረገች። ሽርጧ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም እኔ የሥራ ልብሴን ስታጥብ የነካት ይመስለኝ ነበር።

"ልትጨርሰው ነዋ" አለችኝ። "ሲደርቅ ያልቃል አላልከኝም? ልጄን ስቀብረው ደርቆ ነበር። ግንባሩን ብነካው ድንጋይ ሆኖብኛል። ይሄ ግን ስነካው እሺ ይለኛል።"

"እኔ እኮ እንዲያርፍልሽ ብዬ ነው።"

"ማን ዕረፍት ጠየቀህ?"

ሮለሬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ትከሻውን አልነካሁትም። የቅርንፉድ ዘይቱ ሲያልቅ ሌላ ገዝቼ በቦታው አስቀመጥኩ። እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ትከሻው በተቀበረች በወሩ ደረቀ፤ አራቱ ጣቶች እንዳሉ ናቸው።