ከወለሉ ሥር

እትዬ ሳሩን የመጀመሪያዋን ክኒን በወለሉ ስንጥቅ የጣለችው ልትሞት አስባ አልነበረም። እጇ ከበዳት፣ ይኸው ነው። ክኒኗን ከብልቃጡ አውጥታ መዳፏ ላይ እንዳስቀመጠች ከጉልበቷ እስከ አፏ ያለው መንገድ ረዘመባት። መዳፏን ዘንበል አደረገችው። ከቀርከሃው ወለል ሥር ያለው የሐይቅ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ተቀበላት።

በዚያ መንደር ቤት ሁሉ በረጃጅም ግንድ ላይ የቆመ ነው። የዓሣ አጥንቱም፣ እጣቢውም፣ የተሰበረ ማበጠሪያውም በወለሉ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ውሃው ይዞት ይሄዳል። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በማግስቱም ጣለቻት። በሦስተኛውም ቀን።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኳ ይጮኻል። ዋና ከተማው ፕኖም ፔን፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ ማሊስ ናት።

«እማዬ፣ ዋጥሽ?»

«እየዋጥኩ ነው።»

«እስቲ ልስማ!»

ሳሩን ብልቃጡን ስልኩ አጠገብ ታንቀጫቅጫለች።

«ጎበዝ! የኛ የሠራተኞች ካሚዮን እንዳንቺ ሰዓት ቢያከብር የት በደረስን!»

ማሊስ ስቃ ስትዘጋ ክኒኗ ትወርዳለች። በቀን አንዲት፣ ሳትዛነፍ።

በየሁለት ወሩ ጎረቤት በጀልባ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል። እዚያ ክኒን የምትቆጥረው ዳቪ ናት። እሷም ቫይረሱ በደሟ አለ፤ ስለዚህ ሰው ያምናታል። የተረፈውን ክኒን ሰማያዊ ሳህን ላይ ገልብጣ በማንኪያ ጀርባ ጥንድ ጥንዱን ትገፋለች።

«ትክክል!» ትላለች። «ኧረ እትዬ ሳሩንን እዩ! አልተረፈ፣ አልጎደለ። አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ክኒን ግን ይዋለዳል መሰለኝ፤ ከሰጠሁህ በላይ ነው የምትመልስልኝ!»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል። ሳሩንም ጥርሷን ታሳያለች።

ምን ደረሰብሽ ቢሏት የምትናገረው አልነበራትም። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ አልቅሳ ሲወጣላት መረቧን ይዛ ተቀመጠች፣ መድኃኒቷን እየዋጠች ልጇን አሳደገች። ይህኛው ክብደት የመጣው ምንም ሳይሆን ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ዓሣው አልጥም አላት። ጨው ጨመረች፣ ያው ነው። የጀመረችውን መረብ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ እንደተሰቀለ ቀረ። ጎረቤቶቿ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው፣ አታስቢ» አሏት። ሳሩን ግን ምንም አታስብም ነበር።

ውሎ አድሮ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። ሽርጧ አልጠብቅ ስላላት ሁለት ጊዜ ትቋጥረው ጀመር። ደሟ ተመረመረ።

«እትዬ፣ ቫይረሱ ተነስቷል» አላት ዶክተሩ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «ቆጠራሽ ደግሞ እንከን የለውም። መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ሌላው እናዛውርሻለን። ያም ካልያዘልሽ ግን፣ እዚህ የምሰጥሽ የለኝም።»

«እሺ ዶክተር።»

ጀልባው ላይ ሆና ያም በዚያው ስንጥቅ እንደሚወርድ አወቀች። አልፈራችም። አለመፍራቷ ለአፍታ አስደነገጣት፤ ቀጥሎ እሱም ለቀቃት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሰላሉን አልወረደችም። ጎረቤቷ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥላታል፤ ግማሹ ሳይነካ ያድራል።

ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ዳቪ ስለ አዲሱ መድኃኒት ልታስረዳት መጣች።

«እትዬ ሳሩን! ኧረ ቤቶች! ውሻ አለ?» ስትል ከታች ተሰማች።

ሳሩን መሰላሉ እስኪንቋቋ ጠበቀች፤ አልተንቋቋም። ኋላ ቀስ ብሎ ተንቋቋ። ዳቪ የአንገት ልብሷን ጫፍ ጨብጣ ገባችና ወለሉ ላይ ፈታችው። ክኒኖች ናቸው። ገሚሱ አብጧል፣ ገሚሱ ጭቃ ይዟል፣ ከላይ ያሉት ገና ነጭ ናቸው።

«ሃያ ስድስት ናቸው» አለች፤ ልማድ ሆኖባት ቆጥራቸዋለች። «ሁሉም ከአንድ ስንጥቅ ሥር። ዳክዬዎቹ የዋጡትን አላውቅም።»

«ውሃው አይወስዳቸውም እንዴ?»

«የቱ ውሃ?»

ሳሩን ጎንበስ ብላ ዓይኗን ስንጥቁ ላይ አደረገች። ሐይቁ እንደ በጋ ልማዱ ሸሽቷል፤ ታች የተሰነጣጠቀ ጭቃ አለ። የዳክዬ ዱካ አለ። ግንዱ ላይ የታሰረችው ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች።

«ውሃው መቼ ሄደ?» አለች።

ዳቪ መሰላሉን የወጣችው ስድብ አዘጋጅታ ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ያመሰገነቻት ሴት! አሁን ግን አጠገቧ ተቀመጠች፤ መልሱን ፍለጋ ክኒኖቹን አየች።

«ሃያ ስድስት ቀን ሆነው፣ እትዬ።»

ዳቪ የአንዱን ክኒን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትክክል ስትዪኝ ምን ልበልሽ?»

ዳቪ ክኒኖቹን መልሳ ቋጠረች። «ለዶክተሩ እነግረዋለሁ። መድኃኒቱ አይቀየርም። አንቺን የጣለሽ ሌላ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት የሚሉት ሕመም ነው። እሱም ሐኪም አለው። እኔም ሦስት ወር ፊቴን ሳልታጠብ ኖሬያለሁ፤ አላወራሁትም እንጂ።»

«አልፎብኝ ቢሆንስ?»

ዳቪ የሳሩንን ሳል ሰምታለች፤ የመነመነ ቁርጭምጭሚቷንም አይታለች። መዋሸት ስላልፈለገች ቋጠሮውን አጠበቀች።

ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዋጥሽ?»

ሳሩን ብልቃጡን አንስታ ክኒኗን መዳፏ ላይ ጣል አደረገች። አላንቀጫቀጨችውም።

«አልዋጥኩም።»

ከማሊስ ጀርባ የካሚዮን ሞተርና የሴት ልጆች ሳቅ ይሰማል። «ምን አልሽ? አልሰማሁሽም!»

«አልዋጥኩም ልጄ። ከክረምት ጀምሮ አልዋጥኩም።»

ሳቁ ቀጥሏል፤ የማሊስ ግን የለበትም።

የሳሩን ክንድ እንደ መጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ዳቪ አላነሳችላትም። የራሷን መዳፍ ስንጥቁ ላይ ዘርግታ ብቻ ጠበቀች።