የሌሊት ፈረቃ ጨርቆች

አንድ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ብታስል ነው "ኧረ ይሄስ በዛ" የሚባለው? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ አስተማሪዋን ጠይቄያለሁ፤ ራሴን በየቀኑ እጠይቃለሁ። ሐኪሙ "እንደ ልጁ ነው" ብሎ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ጻፈልን። እንደ ልጁ ነው ማለት ምን ማለት ነው? የልጄ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ከደብተር ቦርሳዋ ብዙም አይበልጥም፤ ድምቢጥ የምንላትም ለዚሁ ነው። ስታስል ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። እኔ ኩሽናም ብሆን፣ ልብስ እያሰጣሁም ቢሆን እቆጥራለሁ። ሃያን ካለፈ እጄ ሥራ እምቢ ይለኛል።

ቤታችን ከኃይል ማመንጫው ብዙ አይርቅም። የድንጋይ ከሰል እያነደደ ለከተማው መብራት የሚሰጠው እሱ ነው። ልጄ፣ የድምቢጥ አባት፣ እዚያ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስለዚህ በኛ ቤት ሰኞ ማክሰኞ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ቀኑን የምንቆጥረው በእሱ ፈረቃ ነው። ምራቴን "የጥርስ ቀጠሮሽ መቼ ነው?" ብትሏት "ከሰዓት በገባ በሦስተኛው ቀን" ትላችኋለች። እንግዳ ሲሰማን ይስቃል።

እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ድምቢጥ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ የሳሎኑን መስኮት ደፍ በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከአሮጌ አንሶላ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ በእግሯ ትሄዳለች። ከጠቆረ አፍንጫዋን ሸፍኜ በአውቶቡስ፤ ጥላሸት ከሆነ ደግሞ ትቀራለች። ቤተሰቡ ይቀልድብኛል። ልጄ ቁርሱን እየበላ "እማዬ፣ የዛሬው የአየር ትንበያ እንዴት ነው?" ይለኛል። ይሳቅ፤ እኔ ግን ጨርቁን አልጥለውም። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ያኔ የሳይንስ አስተማሪያችን ያየነውን ሁሉ ያጽፉን ነበር። እኔም የጨርቁ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እከተዋለሁ። ቀኑን ግን አልጽፍም። "ጠዋት"፣ "ከሰዓት"፣ "ሌሊት" ብዬ የልጄን ፈረቃ ነው የምጽፈው። ቀን ማለት በኛ ቤት እሱ ነዋ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግሁ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የሠፈራችን ፋርማሲስት መጣች። የማመንጫው ፈቃድ ለሃያ ዓመት ይታደስ ወይስ ይዘጋና በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የፀሐይ ኃይል ይተከል በሚለው ላይ የከተማው ምክር ቤት ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሊመክር ነው። እሷ የፀሐዩ ወገን ናት። የማመንጫው ሠራተኞች ደግሞ በሩ ላይ "ሥራችንን አትንኩብን" የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል። እነሱንስ ምን እላቸዋለሁ? የኔም ልጅ ከነሱ አንዱ ነው።

"ድርጅቱ የጭስ ማጣሪያዬ ሌት ተቀን ይሠራል፣ የሚያስላችሁ የመኪና ጭስ ነው ይላል" አለች ፋርማሲስቷ ቁጭ እንዳለች። "የኛ ማስረጃ ሳል ብቻ ነው፣ እማማ። በሳል ደግሞ ማን ያምነናል?"

አፌ መቼ አርፎ ያውቃል! "ማስረጃማ እኔ ጋ አለ" ብዬ ቆርቆሮውን ከፈትኩላት። ጨርቆቹን አገላብጣ አየችና ዓይኗ በራ።

"እማማ፣ ለስብሰባው ይሰጡኛል?"

"ምን ችግር አለው፣ ልጄ። ራሴ አመጣልሻለሁ" አልኳት። ደግሞ ኮራሁ እኮ።

ሐሙስ ጠዋት ልጄ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኛ። ምራቴ ልብስ ስፌት ሥራዋ ሄደች። የዚያን ቀን ጨርቅ ጥላሸት ስለነበር ድምቢጥን አስቀረኋት። ከምሳ በኋላ "እንግዲያው ጨርቆቹን ላስተካክልልሽ" አለችና ሳሎኑ ወለል ላይ ደረደረቻቸው። ግራጫው ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ። እኔ ለስብሰባው የምለብሰውን ቀሚስ እየተኮስኩ ነበር።

"አያቴ፣ ጥቁሮቹ ሁሉ 'ሌሊት' ይላሉ።"

"ሌሊት ይጨልማል፤ ምን ታደርጊዋለሽ" ብዬ ቀለድኩ።

"የጠረግሽው እኮ ጠዋት ነው!" ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረባት። ሲያልፍላት አንድ ጨርቅ አንሥታ አሳየችኝ። "ይሄ 'ከሰዓት' ይላል፤ አባዬ ሌሊት እቤት ነበረ ማለት ነው። ይሄኛውም እንደዚያው። ሌላ ሰው ሌሊት ሲሠራ ግራጫ ነው። አባዬ ሲሠራ ብቻ ነው የሚጠቁረው። ለምን ይሆን?"

ካውያውን ቀሚሱ ላይ ረስቼው ነበር፤ ሽታው ነው ያነቃኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት። "በይ ሂጂ፣ መድኃኒትሽን ሳቢና ጋደም በይ።"

እሷ ጓዳ ስትገባ ጨርቆቹን ሰብስቤ ሳፋ ውስጥ ከተትኳቸው። ሳሙና በተንኩባቸው። ለልጅ ልጄ ብዬ የሰበሰብኩት ነገር በገዛ ልጄ ላይ ሊመሰክር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ውኃ ልቀዳ ባልዲውን ሳነሣ ልጄ በሩ ላይ ቆሟል።

"እማዬ፣ ምን ልታጥቢ ነው?"

"ጨርቅ።"

"አራት ወር እንደ ወርቅ ስትቆልፊበት ከርመሽ?"

መዋሸት አልችልበትም። "ጥቁሮቹ ሁሉ ያንተ ናቸው" አልኩት።

መልሱ እስኪመጣ ባልዲውን አላስቀመጥኩም። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ጨርቅ አነሣና ሳሙናውን አራገፈው።

"አለቆቹ ይደውላሉ" አለ ወደ ጨርቁ እያየ። "ማጣሪያው ራሱ ብዙ ኃይል ይበላል። ሲጠፋ ያ ኃይል ይሸጣል። 'ለሌሊቱ አጥፋው' ይሉኛል። መዝገቡ ላይ 'በርቷል' ብዬ እጽፋለሁ።"

"ሌሎቹ የፈረቃ ኃላፊዎችስ?"

"ሌሎቹ 'በጽሑፍ ስጡን' ይላሉ። በጽሑፍ ማንም አይሰጥም። ስለዚህ እኔ ስገባ ነው የሚደውሉት። እኔ እሺ እላለሁ።"

ሥራ የጀመረበት ቀን ትዝ አለኝ። አባቱ በሞተ በዓመቱ ነው። ኮሌታውን እያስተካከልኩ "ልጄ፣ አደራህን፣ የሚሉህን ሁሉ እሺ በል" ብዬ ነበር የሸኘሁት። እሱ ይህን አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይታጠብና ይለቅ" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ለፋርማሲስቷ አይጥ በላው እላታለሁ።"

"ያን ሁሉ ጨርቅ? የምን ጨዋ አይጥ ነው፣ ቆርቆሮ ከፍቶ በልቶ መልሶ የሚከድን?" አለና ፈገግ ሊል ሞከረ።

ከጓዳ ሳሏ መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለካ እሱም ይቆጥራል!

"ስንት ደረሰ?" አልኩት።

"ሃያ ስድስት።"

"ሃያ ሦስት ነው።"

"ጠዋት ሱቅ በሄድሽበት ሦስቴ አስላለች።"

"አንተ ተኝተህ አልነበረም እንዴ?"

"ሌሊት ሠርቼ ስገባ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል?"

ተነሣና ፊቱን ታጠበ። ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፤ በላዩ ላይ የማመንጫውን ባጅ አንጠለጠለ። ከሥራ ውጭ ባጅ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ሳፋው ውስጥ ያሉትን ጨርቆች አንድ በአንድ አራግፎ ወደ ቆርቆሮው ይመልስ ጀመር። ሰዓቱን አየሁት፤ ስምንት ተኩል ሆኗል።

"ያባርሩሃል" አልኩት ከኋላው። "መዝገቡ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ፤ ሊያስሩህም ይችላሉ። ሚስትህ ምን ትለኛለች? እኔ ልስጣቸውና የማን ፈረቃ እንደሆነ አላውቅም ልበል። ለምን አንተ?"

የመጨረሻውን ጨርቅ፣ የዚያን ቀኑን፣ ከላይ አስቀመጠ። "ሌሊት" የሚለው ጽሑፌ ተጣሞ ይታያል። እጁን ለክዳኑ ዘረጋ። ክዳኑ እኔ እጅ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንዳነሣሁት እንጃ። ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤዋለሁ። እሱም እጁን አላጠፈም።

ከጓዳ ሃያ ሰባተኛው ሳል ተሰማ።

ክዳኑን ሰጠሁት። ኮሌታው በአንድ በኩል ታጥፎ ነበር፤ አስተካከልኩለት። በዚህ ጊዜ ምንም አላልኩም። ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር አደረገ፤ በሩን ልጅቷን እንዳይረብሽ ቀስ አድርጎ ከፈተና ወጣ።