ገብቶናል

ቲቸር አንለይ ቀንቷል። ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ቢኖር ጠብ ነበር፤ እኛ ግን እውነቱን እናውራ። ዕድሜው አርባ ስድስት የደረሰ፣ አሶሳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው፣ በአካል አይቷት በማያውቃት ሴት ምክንያት ሆዱ አርሮ ከርሟል።

ሴትዮዋ ዶክተር እየሩስ ትባላለች። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተሰባስበው ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በየትምህርቱ ቪዲዮ ሲቀርጹ ፊዚክሱ የደረሰው ለእሷ ነው። ኔትወርኩ እንደ ልብ ስለማይሠራ ልጆቹ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የዮሚፍ ሱቅ በሚሞሪ ካርድ ያስጭናሉ። በእረፍት ሰዓት አንድ ስልክ ላይ ስድስት ራስ ይደፋል። አንለይ በአጠገባቸው ሲያልፍ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹም ይስቃሉ። በእሱ ክፍለ ጊዜ የሳቀ ተማሪ የለም። ክልክል ነዋ!

መጀመሪያ ንቋት ነበር። ማስተማር የጀመረው በየክፍሉ ፕላዝማ በተሰቀለበት ዘመን ነው። ያ ፕላዝማ በእንግሊዝኛ ሲጋልብ ይቆይና ሲጠፋ፣ የተበተነውን የሚለቅመው አንለይ ነበር። "ፕላዝማን የቀበርኩ ሰው ነኝ" ሲል ኖሯል። ይቺንም እቀብራታለሁ አለ። አንድ ሰኞ ግን ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አስረሳሽ ቢሮ አስጠሩት።

"አይክፋህ አንለይ" አሉት። "ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በማጠናከሪያው ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ቪዲዮውን እንይ ብለዋል። ተፈራርመው ነው ያመጡት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንተም እረፍት ታገኛለህ።"

እረፍት! ቅዳሜ እኮ የአንለይ ዙፋን ነው። ከባምባሲ ድረስ የሚመጡበት ልጆች ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ አባቱ በጀርባቸው አዝለው ፓዌ ያወረዱት የሰፋሪ ልጅ፣ በዚህች ከተማ ስም ያወጣው በቅዳሜ ነው።

"ተሳስታ ብታስተምርስ? ማን ያርማታል?" አለ።

"ተሳስታ ካገኘሃት ንገረኝ፤ ያኔ ቅዳሜህን አልነካም" አሉት፣ ለማባበል ያህል። እሱ ግን እንደ ውል ያዘው።

ማክሰኞ ዮሚፍ ሱቅ ገብቶ "ለልጄ ነው" ብሎ አስጫነ። ልጁ ገና አራተኛ ክፍል ናት። ዮሚፍም "የቲቸር ልጅም የምትማረው ከዶክተሯ ነው?" ብሎ ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሰበት።

ከሰዓት ጓሮው ውስጥ ማንጎው ሥር ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ ጤናዬ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ የሴት ድምፅ ሰምታ ቆመች።

"ማናት እሷ?"

"ፊዚክስ ናት።"

"ፊዚክስ ድምፅዋ እንዲህ ያምራል እንዴ?" አለችና የጨመቀችውን አንሶላ እንደገና ጨመቀችው። በዚያ ቤት በዚያ ሳምንት የቀናው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ዶክተሯ ጥሩ ታስተምራለች። ያሳረረው ይኸው ነው። አትቸኩልም፣ አትኮፈስም። በየመሃሉ "ያልገባው ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰኝ፤ አላኮርፍም" ትላለች። ለስድስት ቪዲዮ ያህል ቀይ እስክሪብቶው ሥራ ፈትቶ ዋለ። ሐሙስ፣ በሰባተኛው ቪዲዮ አስራ አራተኛ ደቂቃ ላይ፣ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ስታሰላ ሲቀነስ መሆን የነበረበትን ሲደመር አድርጋ ጻፈች። አንለይ ከመቀመጫው ዘለለ። ሦስት ጊዜ አየው። ልክ ነው፣ ተሳስታለች! ስምንተኛውን መክፈት አላስፈለገውም፤ የፈለገውን አግኝቷል።

ዓርብ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ቢሮ ከመሄዱ በፊት ልጆቹ ራሳቸው እንዲያዩለት ፈልጎ ነበር። የዶክተሯን ስሌት ሰሌዳው ላይ ገለበጠና የመደመር ምልክቷን በቀይ ጠመኔ ከበበ።

"በዶክተራችሁ ሂሳብ ይህ ድንጋይ እንደ ወጣ ይቀራል" አለ። "አሶሳ ላይ ወደ ሰማይ የተወረወረ ድንጋይ የማይወርድ ከሆነ፣ እስቲ ውጡና ሞክሩ!" ከዚያ የራሱን ስሌት በአራት መስመር አንበለበለው። "ገባችሁ?"

"ገብቶናል!" አለ ስልሳ አፍ ባንድ ጊዜ። ይህ "ገብቶናል" የአንለይ ኩራት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛው መደዳ ላይ ሳሊማ እጇን አወጣች። የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ እሱና እሷ ይቀላቀሉባታል።

"ቲቸር፣ ያ ስህተት እሱ ዶክተር ራሱ ተናግሯል። ስምንተኛ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ። 'ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ' ብሎ አስተካክሏል።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኸው ነው። አንለይ ጆሮው ጋለ። ቅዳሜው እንደ ሄደ እዚያው ቆሞ አወቀው። ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ቅናት ግን ዝም አያሰኝም።

"ለመሆኑ እኔ የሌለኝ ምን አላት?" አለ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ሳሊማ ግን የትምህርት ጥያቄ መሰላት፤ አሰበችበት።

"ወደ ኋላ ስንመልስ አይቆጣም" አለች።

"እኔስ?"

"አንተ 'ገባችሁ' ስትል 'ገብቶናል' እንላለን። አልገባኝም ያለ ልጅ ትምህርቱ እስኪያልቅ ይቆማል። መቆም ፈርተን ነው።"

"ድንጋዩስ? አሁን የሠራሁት?"

"ከአንተ አልገባኝም ቲቸር። ስልክ ላይ አራት ጊዜ አይቼ ነው የገባኝ።"

አንለይ ዓይኖቹን በየመደዳው አዞረ። ሁሉም አቀርቅሯል፤ አንድም "እኔስ ገብቶኛል" ያለ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማው ያ ሁሉ ገብቶናል ባንዴ ደረቱ ላይ ተጫነው። ተናደደ። በልጅቷ ተናደደ፣ በዶክተሯ ተናደደ፣ የሚናደድበት ሲያጣ ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን ጠረገ፤ ቀዩን ክብም አብሮ ጠረገው።

ድንጋዩን እንደገና ወረወረ። ይህን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው። መጨረሻው ላይ "ገባችሁ?" ሊል አፉን ከፈተና ዋጠው። ምን እንደሚባል ጠፍቶት ወደ ልጆቹ ዞሮ ቆመ።

ከኋላ አንድ ልጅ ፈራ ተባ እያለ፣ "ቲቸር... ትንሽ ወደ ኋላ" አለ።

የስልኩን ነገር ነው ያመጣው። አንለይ "ቁም!" ሊል ምንም አልቀረው። ጥርሱን ነክሶ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና አስረዳ። ላቡ ጀርባውን አራሰው። ያቺ ሴት አንዴ ተቀርጻ ቤቷ ተቀምጣለች፤ መቶ ጊዜ ቢመልሷት ጉሮሮዋ አይደርቅ፣ እግሯ አይዝል። እንደዚያ ቀን ቀንቶባት አያውቅም።

"ትንሽ ወደ ኋላ" አለ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ ከመስኮቱ በኩል።

"ስንት ጊዜ ነው የምመለሰው?" ብሎ ጮኸ አንለይ።

"አራት" አለች ሳሊማ።

አንለይ ገና ሁለተኛው ላይ ነበር። ጠመኔውን አነሳ።