በብብት የሞቀ ብርሃን

ልጄ የምታጠናው መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ነው። ያን ቀን ፈተናዋ ነበር። መምህርቷ በሙከራዋ ካላመነች ልጄ ዓመቱን ትደግማለች። ብቻዬን አልገባም ብላ እኔን ጎትታ ወሰደችኝ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

በሁለት የመስታወት ቱቦዎች ውሃና ቀለም እኩል ቀዳች። በአንዱ ዩሪያ ጨመረችበት፣ ያንን ገበሬ የሚበትነውን ነጭ ማዳበሪያ። አፋቸውን በጎማ ደፈነች። መስኮቱን ጋርዳ ሐምራዊ መብራት ስታበራ ዩሪያ ያለበት ደመቀ፣ ሌላው ደብዘዝ አለ።

እሷ እንደምትለው ውሃ ቀለሙን ጨብጦ ብርሃኑን ይነጥቀዋል። ዩሪያ ደግሞ ወሬ እንደሚወድ እንግዳ ነው፤ ገብቶ ውሃውን ሲያዋራው ቀለሙ ሹልክ ይላል።

መምህርቷ ቱቦዎቹን ዳሰሰች። ዩሪያ ሲሟሟ ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ዩሪያ ያለበት እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

“ቀለም ሲቀዘቅዝም ይደምቃል” አለች። “ያደመቀው ዩሪያው ነው ወይስ ቅዝቃዜው? እኩል አሙቂያቸውና አሳዪኝ።”

የቤተ ሙከራው ማሞቂያ ከተበላሸ ሰንብቷል። ልጄ በእጇ ልታሞቃቸው ሞከረች፤ እጇ በድንጋጤ ከቱቦው ብሶ ቀዝቅዟል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አተያይዋን አልወደድኩትም።

“አባባ፣ የሸሚዝዎን ቁልፍ ይፍቱልኝ።”

አንዱን በቀኝ ብብቴ፣ አንዱን በግራ ሻጠችው። አንድ ሰው፣ እኩል ሙቀት፣ ብላ አስረዳች። መምህርቷ አልተቃወመችም። እንዲያውም ጉዱ እንዳያመልጣት ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ብብቴን ሲነኩኝ ይኮረኩረኛል። ይህን ከሟች ሚስቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጥርሴን ነከስኩ። ስለ ግብር አሰብኩ። ስለ ቀብር አሰብኩ። ሆዴ ግን በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“አባባ፣ ከሳቁ ቱቦው ይሰበራል” አለች ልጄ።

ይህን ባትል ይሻል ነበር። ሳቁ በአፍንጫዬ አመለጠኝ። መምህርቷ ተነስታ ጀርባዋን ሰጠችን፤ ትከሻዋ ግን ይዘል ነበር።

“አባት፣ ክንድዎን እንዳይከፍቱ” አለች ለግድግዳው።

እንባዬ በጢሜ ወረደ። ክንዴን ግን አልከፈትኩም። የልጅ ነገር ነው።

በመጨረሻ ልጄ ቱቦዎቹን አውጥታ ሙቀታቸውን ለካች። እኩል ናቸው። መምህርቷ ዓይኗን ጠራርጋ መስኮቱን ራሷ ጋረደች፣ መብራቱንም ራሷ አበራች። የሁለቱም ድምቀት ከቅድሙ ትንሽ ቀንሷል። የዩሪያው ግን አሁንም ይበልጣል። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

“ዩሪያው ነው” አለች። “አልፈሻል።”

ልጄ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። እጆቿን በብብቴ ሥር አሳለፈቻቸው። ሳቁ እንደገና ጀመረኝ።