እማማ ፍሬን ኮሪደሩ ላይ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ቅጽል «እማማ ፍሬን» ነው፤ ከጎን ተቀምጠው «ፍሬን!» ሲሉ እንኳን ተማሪው መንገደኛውም ቀጥ ይል ነበር። በሰባ አራት ዓመታቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሲመረመሩ አንጎላቸውን የተጫነ ሎሚ የሚያህል እብጠት ተገኘና በቀዶ ሕክምና ወጣ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። የጉሉኮሱን ቱቦ ነቀሉ፤ አልጋውን መኪና ነው አሉ፤ ልጃቸውን ትኩር ብለው አይተው «አንቺ ሴትዮ፣ ከመኪናዬ ውረጂ!» አሏት።

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እናቴን ሰጥቻችሁ ሌላ ሰው መለሳችሁልኝ» አለች።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ ነርስ፣ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «በዚህ ዕድሜ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቃዠት ያጋጥማል። ሐኪሙም መርምሯቸው ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሏል። ለመሆኑ መነጽር ያደርጋሉ?»

«ታደርጋለች። የጆሮ መስሚያም አላት። እንዳይጠፉ ብዬ ሁለቱንም ቤት ቆልፌባቸዋለሁ።»

«በይ ሮጠሽ አምጪ! የሚያዩት ጭጋግ፣ የሚሰሙት ጉምጉምታ ነው እኮ። እኔም ብሆን እቃዥ ነበር።»

ልጅቷ በረረች። ነርሷም መጋረጃውን ገልጣ ፀሐይ አስገባች፤ ፊት ለፊታቸው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቀለች፤ እንቅልፋቸውን የሚረብሽ ሰው ዝር እንዳይል አዘዘች። መነጽርና መስሚያው ቢመጣም እማማ ፍሬን ወዲያው አልተመለሱም። በሦስተኛው ጠዋት ግን ልጃቸውን ቃኘት አደረጉና «ምነው ልጄ ገረጣሽ? ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ሳቅና ለቅሶ ተደበላለቀባት።

ቀጥሎ መራመድ መጣ። ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ደንዳና ሰውዬ፣ የመራመጃ ድጋፍ ይዞ ቀረበ።

«እግሬ ቢከዳኝስ? ጭንቅላቴን ደግማችሁ ልትከፍቱት ነው?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሁለት ቀን ለመናቸው፤ ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ዘፍ አለና «እሺ ይቅር እማማ። እኔም ዛሬ አልሆነልኝም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ወደቅሁ» አለ።

እማማ ፍሬን ዘወር አሉ። «ምን ላይ ወደቅህ?»

«ወደ ኋላ አቁም ሲሉኝ።»

«ስፖኪዮ አላየህማ! ያን ባለጎማ ወንበር አምጣና ግፋ፤ ልይህ።»

ባዶውን ወንበር እየገፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እማማ ፍሬን አንገታቸውን ቢያሰግጉም አልታያቸውም። ተበሳጭተው እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ነርሷ ከጎናቸው አጥብቃ ደገፈቻቸው፤ እሳቸውም ድጋፉን ጨብጠው ተከተሉት።

«ቀስ! ፍሬቻ የታል? መሪውን አታንቀው፣ ዶሮ አይደለም!»

በሽተኞች ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አሉ። በዚህ መሐል ቀዶ ሐኪሙ እየተጣደፈ ከኩርባው ወጣ።

«ፍሬን!» አሉ እማማ።

ሐኪሙ ባለበት ደረቀ። ቀና ብሎ ሲያይ በሽተኛዋ በእግራቸው ቆመዋል። ሳቁ ሲያመልጠው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምን ያስቅሃል? ኩርባ ላይ ፍጥነት ይቀነሳል!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ከሰዓት ትምህርት ሆነ። ተማሪው ወንበሩን በሁለት አልጋ መሐል ሳያስነካ ወደ ኋላ ማስገባት ሲችል፣ አስተማሪዋ ደግሞ ኮሪደሩን ደርሶ መልስ ጨረሱት። ፈተናውን በአራተኛው አለፈ።

እማማ ፍሬን በከዘራ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ግራ እግራቸው አሁንም ትንሽ ይጎተታል፤ አንዳንዴም ቃል ይጠፋቸዋል። ትናንት ማንኪያ ለማለት «ያ... ሾርባ አመላላሹ» አሉ። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁና ሾርባቸውን ጨልጠው ደገሙ።