ግልጽና አሳማኝ

ደግሞ ትስቃለች፣ ሰዉ ስለሳቀ እሷም ትስቃለች፣ ማርሊስ ቶርክልሰን፣ የተከበረች የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል፣ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ ጥርሷን ታሳያለች፣ ማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ቨርኖን ነው፣ የበረዶ ጫማው ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ጠመንጃዬን የወሰዱበት ማስረጃ ምን መሰላችሁ ይላል፣ ውሻውን ለጎረቤት ሰጠ! በቃ! ውሻ መስጠት ወንጀል ነው እንዴ ጎበዝ? አዳራሹ እንደገና ይስቃል። እሷን ግን ፊቷን ያቃጥላታል።

ውሻ መስጠት። ውሻ ማንም ይሰጣል፣ ግን ፔፐርን፣ ያውም የቆቅ አደን ወቅት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ በዚህ አገር ሚስቱን የሚሰጥ ይገኝ ይሆናል እንጂ በዚያ ሳምንት የአደን ውሻውን የሚሰጥ የለም፣ ዱዌን ራሱ ነው የደወለላት፣ ጎረቤቱ፣ ማርሊስ፣ ወንድምሽ ፔፐርን ከነሰሃኗ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ትቶልኝ ሄደ፣ አላማረኝም፣ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እሷም አወቀች። መኖር የሰለቸው ሰው ነው የሚወደውን እንዲህ የሚያድል፣ ግን እሞታለሁ አላለ፣ እገድላለሁ አላለ፣ ለአውራጃው ፖሊስ አለቃ ለሸሪፉ ደወለች፣ ስሜን እንዳታነሳ ብላ ለመነችው፣ እሱም አላነሳም፣ ለራሱ ወይም ለሰው ያሰጋል ከተባለ ሰው እጅ መሣሪያ ለጊዜው የሚወሰድበት ሕግ አለና ዳኛዋ አዩት፣ ማስረጃው ሚዛን ደፍቷል አሉ፣ አሥራ አንድ ጠመንጃ በሸራ ተጠቅልሎ ተጫነ። ቨርኖንም የጠቆመኝ ዱዌን ነው ብሎ ደመደመ፣ የውሻዋን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?

ዝም አለች። ነውሩ እሱ ነው፣ መደወሏ አይደለም፣ ዝምታዋ ነው፣ ዱዌን በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ የድንች ሰሃኑን ይዞ ሰው ሸሽቶት ብቻውን ሲቀመጥ እያየች ወደ ሌላ ወንበር ዞረች፣ እሱ ግን አንድ ቀን አንቺ ነሽ አላላትም፣ ሰላምታ እንኳ አልነፈጋትም፣ ምነው በሰደባት። እሷስ? ምርጫ ሲመጣ በወሬ ጠመንጃ የሚወሰድበትን ሕግ አስቀይራለሁ ብላ በሰው ፊት ማለች፣ እንዴት ተጨበጨበላት! ይኸው ማሻሻያው ፊቷ ተዘርግቷል፣ ሚዛን የደፋ ማስረጃ የሚለው ወጥቶ ከዚያ የከበደው፣ ግልጽና አሳማኝ የሚለው ይግባ፣ ደህና ቃላት ናቸው፣ ማን ይጠላቸዋል፣ ፔፐር ግልጽ ነበረች? ዳኛዋን ታሳምን ነበር? አታሳምንም። በዚህኛው ሕግ ቢሆን ቨርኖን ጠመንጃዎቹን ይዞ ይከርም ነበር፣ ምናልባት ደህና ይሆን ነበር፣ ምናልባት፣ እኮ ምናልባት፣ ይሄ ነው የሚበላት፣ በሕይወት ቆሞ ይቀልዳል፣ አትርፋው ይሁን ወይስ እንዲሁ አዋርዳው አታውቅም፣ መቼም አታውቅም።

ጠመንጃው ይቅር ይላል ቨርኖን፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ይመለስልኛል፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው የሸጠኝ፣ እሱን ማን ይመልስልኛል? አሁን ማንም አይስቅም። ተመልሶ ይቀመጣል፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድጋፍ፣ አራት ለአራት፣ እሷ ብቻ ቀርታለች።

ክብርት ቶርክልሰን? እለፈኝ ልበል፣ አሞኛል ልበል፣ ብትደግፍ ሁሉም ጀርባዋን መታ መታ ያደርጓታል፣ ብትቃወም ከሃዲ ይሏታል፣ ይበሏት፣ ግን ዝም ብሎ መቃወምም ያው መደበቂያ ነው፣ ዱዌን እንደተከሰሰ ይቀራል፣ ቨርኖን ከኋላ አውራ ጣቱን ያሳያታል፣ አይዞሽ ማርሊስዬ፣ በይ እንጂ። ክብርት ቶርክልሰን፣ ድምፅዎን? የማይክሮፎኑን ቁልፍ ትጫናለች፣ እቃወማለሁ፣ ጉርምርምታ፣ አውራ ጣቱ አልወረደም፣ አልሰማም ወይስ አላመነም፣ ቨርኖን፣ ትላለች፣ ዱዌን አይደለም፣ ሸሪፉ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሟ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል ይላል፣ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው፣ ምን አለች? ይለዋል።